አምስት ፊርማ ለአንድ ጎማ

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን በደንብ የማስታውሰው፣ ምሳ የበላን ሰው እንቅልፍ የሚጫጫነው፣ ቢሮው ውስጥ ከማተሚያ ማሽኑ ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማበት ሰዓት ስለነበር ነው። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰብለ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሰባት ወሬ ነበር፤ ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ የማስበው ምን አጥፍቼ ይሆን የሚለውን ነው።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «አሮጊቷን ታውቂያት የለ?»

«አውቃታለሁ።»

«እኛ ግን አናውቃትም። አንድ ሰዓት ስትበር ምን ያህል እንደምትበላ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ፓይለቱ ሌላ ይለኛል፣ አለቃ ግርማ ሌላ ይለኛል። አንቺ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የፓይለቱን አበል፣ የመካኒኩን ድካም፣ ሁሉንም ደምሪና ለበረረችበት ሰዓት አካፍዪልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቦርዱ ይሰበሰባል። ከኪራይ አውሮፕላን ከረከሰች ትቆያለች፤ ካልረከሰች ትሸጣለች።»

«መካኒኮቹስ?» አልኩ፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኪራይ አውሮፕላን ከነጠጋኙ ነው የሚመጣው። እነሱማ ይሰናበታሉ።»

አሮጊቷ የሚሏት የድርጅታችንን ትልቋን አውሮፕላን ነው። ድርጅቱ ትንሽ ነበር፤ አንዲት ያረጀች ባለ ሁለት ሞተርና ሁለት ትንንሾች ነበሩት። በሽተኛ፣ መድኃኒት፣ ጎብኚ፣ አንዳንዴም የሠርግ ኬክ ሳይቀር ወደ ሩቅ ከተሞች ያመላልሱ ነበር። ትንንሾቹ የሚጠገኑት ሌላ ቦታ ነው። አሮጊቷን ግን አለቃ ግርማ የሚባሉ ሰውና አራት ባልደረቦቻቸው ከቢሯችን ፊት ለፊት ባለው ሃንጋር ውስጥ ይጠግኗት ነበር። የአምስት ሰው እንጀራ በእሷ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ በእኔ ካልኩሌተር ላይ ሆነ።

ዛሬ ከዓመታት በኋላ ይህን ሁሉ ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ ያጋጠመኝ ሽታ ነው። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ባለሱቅ ነጭ ጋዝ ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ይገለብጥ ነበር። የአውሮፕላን ነዳጅ የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጠረናቸውን የሚለየው ከሁለቱም ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ብቻ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ «ስንት ልቅዳልሽ?» አለኝ። «አይ፣ እያለፍኩ ነው» አልኩት፤ ግን አላለፍኩም። ጠርሙሱ እስኪሞላ ቆሜ አየሁ።

ገና ሠላሳ ዓመቴን ማለፌ ነው። «በዚያን ጊዜ» ብዬ ወሬ ስጀምር አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ያሉት ይስቁብኛል። ነገር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ጊዜ በዓመት ብቻ አይቆጠርም። ዳቦ በሁለት ብር የገዛሁበት፣ ከቀራንዮ ጦር ኃይሎች ድረስ ሦስት ብር በማይሞላ ሂሳብ የሄድኩበት ዘመን ለእኔ የአያት ዘመን ያህል ይርቀኛል። ያን ዓመት ሴቱ ሁሉ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ይለብስ ነበር፤ እኔ አንድ ግራጫ ሹራብና ሁለት ጥቁር ቀሚሶች ነበሩኝ፤ ቀሚሶቹን እያፈራረቅኩ፣ ሹራቡን ሳላፈራርቅ ዓመቱን ጨረስኩ። ጠዋት ጠዋት ታክሲዎቹ አንድ ዘፈን ብቻ የተፈቀደላቸው ይመስል ያንኑ ይከፍቱ ነበር። ከጎኔ ያሉት ሴቶች አብረው ያዜማሉ፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። ዜማው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንድም ቀን አብሬ አላዜምኩትም።

የተከራየሁት ጋሽ ተሰማ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበር። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ በዓል ሲመጣ ይደውላል። የእኔ እናት ደግሞ ፍኖተ ሰላም ናት፤ እሷም በዓል ሲመጣ ትደውላለች። ስለዚህ በበዓል ቀን ከሁለቱ ክፍሎች የሁለት ሰው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይሰማል፤ ከዚያ ግቢው እንደገና ዝም ይላል። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤ ግን ቤታቸው የገባሁት ኪራይ ልከፍል ብቻ ነው። የምናወራው ቧንቧው ጋ ስንገናኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ለቸርች መዝሙር ይለማመዳሉ፤ እኛ ደግሞ እኔ ባልዲዬን፣ እሳቸው ጀሪካናቸውን ይዘን ውኃው እስኪመጣ እንቆማለን።

«ዛሬስ ሰማዩን በስንት ሸጣችሁት?» ይሉኛል። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ሥራዬን ያስረዳኋቸው እዚያ ቧንቧ ሥር ነው። አውሮፕላን ነዳጅ ብቻ እንደማይበላ፣ እያንዳንዷ ሰዓት ለሞተሩ እድሳት የሚቀመጥ ብር እንዳላት፣ ጎማው በሰዓት ሳይሆን ባረፈችበት ቁጥር እንደሚያልቅ እነግራቸዋለሁ። ያውቁታል፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ያዳምጡኛል። ከዚያ የራሳቸውን ይነግሩኛል።

«የእኛ አንድ ሰዓት በሮ ከመጣ እኛ ሁለት ቀን ሥሩ እንተኛለን» አሉኝ አንድ ቀን። «ብሎኑን፣ ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ አንድ በአንድ። አንድ ሰው ሽቅብ እንዲሄድ ሃያ ሰው ያጎነብሳል።»

«አንዷ ሰዓት ስንት ትፈጅ ነበር? በብር?»

«በብር?» ሳቁ። «ነዳጁ በቦቴ ይመጣል፣ ጎማው በሣጥን ይመጣል። ዋጋ እንዳለው ያወቅነው መምጣት ያቆመ ጊዜ ነው።»

ከዚያ እኔ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ለንግድ አውሮፕላን ትልቁ ወጪ መቆም ነው፤ ቆማም ኢንሹራንስ ትከፍላለች፣ ቆማም ፓይለቱ ደሞዙን ይቀበላል፤ ብዙ በበረረች ቁጥር የአንዷ ሰዓት ዋጋ ይወርዳል። የጦር አውሮፕላን ግን ቆሞ መጠበቁ ራሱ ሥራው ነው፤ ባይበርም ሥራ ፈትቷል አይባልም። ጋሽ ተሰማ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። «እንግዲያው እኔ አሁን የጦር አውሮፕላን ነኝ ማለት ነው» አሉ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። ዛሬ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ ትዝ ይለኛል፤ አልስቅም።

ማክሰኞ ሥራው ተሰጠኝ፤ ረቡዕ ጠዋት የአሮጊቷ የሥራ ካርዶች በሁለት ካርቶን መጡልኝ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የተሠራው ሥራ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የሠሩት ሰዎች ስምና ፊርማ አለ። ስሙን በሰዓቱ አበዛለሁ፤ ለምሳሌ ሁለት ሰው ሦስት ሰዓት ከሠራ ስድስት የሰው ሰዓት ይሆናል። ቀላል ነው። ችግሩ አንዳንዱ ጽሑፍ በዘይት እጅ ተነክቶ አይነበብም ነበር። ሃንጋሩ ከመስኮቴ ይታያል፤ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። በሰባት ወር ውስጥ አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም።

አርብ ዕለት ድፍረቴን ሰብስቤ ሄድኩ። ሰዓት መምረጥ አላውቅበትም፤ የሄድኩት በምሳ ሰዓት ነው። አምስቱም ከክንፏ ሥር በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው በአንድ ትሪ ይበላሉ። በሩ ላይ ስቆም ሙሉጌታ የሚባለው ቀጭኑ ሰውዬ ቀድሞ አየኝ።

«ሂሳብ መጣች!» አለ። «ግቢ እንጂ፣ አሮጊቷ አትናከስም!»

«ተዋት አንተ» አሉ አለቃ ግርማ። እንጀራ የጠቀለለ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ነይ ልጄ፣ እንብላ።»

«ብሉ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ሳትበዪ ነው የጠገብሽው?» አለ ሙሉጌታ። «እንዲህማ ከሆነ ነዳጅ የማትጨርስ አውሮፕላን ተገኘች! ድርጅቱ አንቺን ነው መግዛት የነበረበት!»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ክፋት እንዳልነበረው አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ጥያቄዬን ሳልጠይቅ ዞሬ ሄድኩ፤ ከኋላዬ አለቃ ግርማ «አየህ አሁን? አባረርካት» ሲሉ ሰማሁ። ያልተነበቡልኝን ካርዶች አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ሳነብ ዋልኩ። ገብቼ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ከምሳ በኋላ አንዱ ሲሠራ ሌላው ምን እንደሚሠራ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይቼ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አይኖርም ነበር።

ስሌቱ አለቀ። የነዳጁ ወጪ ደህና ነው። የጎማውም ደህና ነው። ኢንሹራንሷ፣ አሮጊት ሆና ዋጋዋ ስለወረደ፣ እንዲያውም ይረክሳል። የሰው ሰዓቱ ግን ተራራ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ ስለማምን የደመርኩትን ሦስት ጊዜ አየሁ፤ የምደምረውን ነገር ግን አንድ ጊዜም አላየሁም። በእኔ ስሌት መሠረት ኪራይ ይሻላል። ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሪፖርቱን አስጠርዤ፣ ከታች ፈርሜ ለወይዘሮ ሰብለ ሰጠሁ። መጨረሻውን ገጽ ገልጠው አዩና «ጎበዝ» አሉኝ። ያቺ አንዲት ቃል እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ አሞቀችኝ። የጦር ኃይሎችን ታክሲ ስጠብቅ «ነይ ልጄ፣ እንብላ» የሚለው ድምፅ መጣብኝና ሙቀቱ ጠፋ።

ግቢ ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ተሰማ የሚያፈሰውን ቧንቧ በፒንሳ ያጠብቃሉ።

«ዛሬስ ሰማዩን በስንት ሸጣችሁት?»

«ዛሬስ አውሮፕላኗን ራሷን ልንሸጣት ነው ጋሽዬ። ውድ ሆነች።»

«ምኗ ነው የተወደደው?»

«ጥገናዋ። አንድ ጎማ ለመቀየር አምስት ሰው፣ ሦስት ሦስት ሰዓት።»

ፒንሳው ቆመ። «አምስት ሰው? ለአንድ ጎማ? የዝሆን እግር ነው እንዴ የሚቀይሩት?» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አንዱ ክሪክ ያስገባል፣ አንዱ ይፈታል። ሁለት ሰው። ሦስተኛ ከመጣ ወሬ ሊያወራ ነው።»

«ካርዱ ላይ ግን አምስቱም ፈርመዋል።»

«እሺ፣ ዘይት ሲቀየርስ?»

«አምስቱም።»

«አምፖል ሲቃጠልስ?»

«አምስቱም» አልኩ፤ ድምፄ ሲሟሽሽ ራሴው ሰማሁት።

ጋሽ ተሰማ ሳቃቸውን አቆሙ። «አለቃቸው ድሮ የት ነው የሠራው?»

«እንደ እርስዎ የጦር አውሮፕላን ላይ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እንዲያ በይኛ» አሉ። ቧንቧውን ትተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ስሚ ልጄ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ፈረመ ነው። አንድ ሰው ከፈረመ አንድ ሰው ይወሰዳል። እኛ ደግሞ አምስት ነበርን። ስለዚህ አንዱ የሠራውን ሁላችን እንፈርማለን። አንድ ቀን አንድ ነገር ተበላሸና መርማሪዎቹ መጡ። ካርዱን አነበቡ፤ አምስት ስም። አምስታችንንም ከወሰዱ ነገ አውሮፕላኑን ማን ያስነሳዋል? እርስ በርስ ተያዩና ተመልሰው ሄዱ።»

«የሠራው ማን ነበር?»

«አልነግርሽም።» ከአጥሩ ወዲያ መዝሙሩ ተጀመረ፤ አንዷ ድምፅ ቀድማ ትሄድና ሌሎቹ ይከተሏታል። «አራቱም ሞተዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁንም ግን አልናገርም።»

ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። አለቃ ግርማ ሰዎቻቸውን ለማዳን ያመጡት ልማድ ነው ሰዎቻቸውን የሚያባርረው። አንድ ሰው የሠራውን አምስት ሰው ሲፈርም የእኔ ስሌት አምስት እጥፍ ይሆናል። የሰው ሰዓት ነው ብዬ ያበዛሁት የሰው ፍርሃት ነበር።

«ስብሰባው ነገ አራት ሰዓት ነው» አልኩ። «ዝም ካልኩ ይበተናሉ። ከተናገርኩ ደግሞ ያልሠሩበትን ፈረሙ ይባላል፤ የጥገና ፈቃዳቸውን ይነጠቃሉ።»

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሻል?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«እኔማ አሁን አላየሽኝም? አልናገርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ፒንሳቸውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጡት። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «እኔ ብቻዬን ፈርሜ አላውቅም።»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ልጨርሰው። አሮጊቷ አልተሸጠችም፤ ሁለት ዓመት ያህል በረረች። አምስቱም በሥራቸው ቆዩ። እኔን ወደ አበል ክፍያ አዛወሩኝ፤ ስሌት የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልተሰጠኝም፤ በዓመቱ ለቅቄ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሠራው ሰው ስም ብቻ ይጻፍ ጀመር። ከመስኮቴ ሳያቸው በአንድ ትሪ መብላታቸውን አላቆሙም፤ ሆኖም የሙሉጌታ ሳቅ እንደ ድሮው ወደ ቢሮው አይደርስም ነበር። በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ጠይቄ አላውቅም። ጋሽ ተሰማን በሚቀጥለው መስከረም ልጃቸው መጥቶ ወደ ሐዋሳ ወሰዳቸው፤ ግቢው ተሸጠ፤ ዛሬ ቧንቧው በነበረበት ቦታ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል። እኔ ከዚያ ሁለት ፌርማታ ርቄ አሁንም ቀራንዮ እኖራለሁ። የሐዋሳው ስልክ ቁጥር አለኝ። በየበዓሉ አወጣውና አየዋለሁ። ደውዬ አላውቅም፤ መጀመሪያ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አሁን ደግሞ ማን እንደሚያነሳው እፈራለሁ። እውነቱን ሁሉ ተናግሬያለሁም አልልም። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ያልተናገርኩትም እውነት ነበር። ይህን ለማካፈል የሚሆን ቁጥር እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ወደ ስብሰባው ቀን ልመለስ። ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጣሁ። አንድ ሰዓት ላይ ሃንጋሩ በር ላይ ነበርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የጫማዬ ድምፅ ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰብኝ። አሮጊቷ ከቅርብ ስትታይ ትልቅ ናት፤ ከሆዷ ሥር በልክ በልክ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ ተደርድሯል። አለቃ ግርማ ብቻቸውን ነበሩ።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«አለቃ፣ አውሮፕላኗ ልትሸጥ ነው። በእኔ ስሌት ነው።»

«ሰምተናል» አሉ። «ስሌት ነው ካሉ በኋላ ምን ይባላል?»

«ትክክል አይደለም ግን። ጎማ የሚቀይረው ስንት ሰው ነው?»

«ካርዱ ላይ ያለው ነዋ።»

«የጠየቅኩዎት ካርዱን አይደለም።»

ሣጥን ስበው ተቀመጡ። ለእኔም አንድ ሳቡልኝ። «ማን ነገረሽ?»

«እንደ እርስዎ ያሉ አንድ ሰው። አለቃ፣ የድሮዎቹን ካርዶች አላነሳባችሁም። ወርጄ ሥራውን ሳላይ ነው ያሰላሁት እላለሁ። እሱ ደግሞ ውሸት አይደለም። አንድ ሳምንት ስጡኝና ሰዓት ይዤ ልቁም እላለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የሠራው ሰው ብቻ ይፈርም። አለዚያ ስመጣም ያው ነው የሚሆነው።»

«አንዱ ቢሳሳትስ?»

«ይጠየቃል።»

«ብቻውን?»

አለቃ ግርማ ንጹሕ እጃቸውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ «ሂጂ ንገሪያቸው» አሉኝ።

ወይዘሮ ሰብለ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ በራቸው ላይ ቆሜ አገኙኝ። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ነገርኳቸው፤ ከቆየሁ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«የሰጠሁዎት ስሌት ተሳስቷል።»

«ሦስቴ ደምሬዋለሁ አላልሽኝም?»

«ድምሩ ልክ ነው። የሰው ሰዓቱን ከካርድ ላይ ብቻ ነው የወሰድኩት። ወርጄ ሥራውን አላየሁም።»

«ለምን አልወረድሽም? ከዚህ ድንጋይ ብትወረውሪ ይደርሳል እኮ!»

«አፍሬ» አልኩ።

«አፍረሽ!» ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እና ለቦርዱ ምን ልበል? አውሮፕላኗ ውድ ትሁን ርካሽ አናውቅም፤ ልጅቷ አፍራ ነው ልበላቸው?»

«ይበሏቸው።»

እንዲህ ብዬ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። እሳቸውም ሰምተውኝ አያውቁም። ሪፖርቱን ከጠረጴዛቸው ላይ አንስተው ዘረጉልኝ። «አንድ ሳምንት» አሉ። «ስህተቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ አድርጊልኝ። ከዚህ በኋላ ግን በአንቺ ቁጥር የምተማመን እንዳይመስልሽ።» ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሰጠኋቸው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ደብተሬን ይዤ ወደ ሃንጋሩ ተመለስኩ። አምስቱም ነበሩ። አለቃ ነግረዋቸዋል መሰለኝ፣ ሂሳብ ብሎ የጠራኝ የለም። ሙሉጌታ መሰላል ላይ ወጥቶ የግራውን ሞተር የዘይት ፊልትሮ ይፈታ ጀመር፤ ሌሎቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። እኔ ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ጊዜም ቁልቁል አላየኝም። ጨርሶ ወረደ፣ እጁን ጠረገ፣ ካርዱን አወጣና ስሙን ጻፈ። ፈረመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ካርዱን በቀኙ ወዳለው ሰው ዘረጋ፤ ሰውየውም ሊቀበል እጁን አነሳ። ሁለቱም እጆች አየር ላይ ቆሙ። ሙሉጌታ ካርዱን መለሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ከስሙ ሥር አራት ባዶ መስመር ነበር።

ደብተሬን ገለጥኩና ጻፍኩ፦ አንድ ሰው፣ አርባ ደቂቃ።